ቴሌቪዥን ሐበሻ የሚያደርገው ኢንጂነር

ኢንጂነር እንድሪስ መሞቱን የነገረኝ ሪሞት ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ነው። ሪሞቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኑሮ፣ «ሰማሽ ሀያት? እንድሪስ እኮ ወደ አኺራ ሄደ። ትናንት ቀበርነው» አለኝ። እንደ ወጉ «ኢና ሊላሂ» አልኩ። በሆዴ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። መለከል መውት ነፍሱን ሊወስድ ሲመጣ፣ ያ ሰው ደረቱን ነፍቶ «ችግሩ ሶፍትዌሩ ነው፤ ነገ ተመለስ» ሳይለው አይቀርም አልኩ። ሰው ሞቶ እንዲህ ማሰብ ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን አሰብኩት።

አብሬው አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ፊት ለፊት «አንቱ» እለው ነበር፤ ዕድሜው የአባቴ ታናሽ ወንድም ስለሚሆን አፌ ሌላ አይወጣውም ነበር። እዚህ ግን አንቱ አልለውም። አምስት ዓመት ያልኩት ይበቃዋል።

ኢንጂነር ብሎ የሾመው ማን እንደሆነ ደሴ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ሸዋበር ካለችው ሱቁ ግንባር ላይ ራሱ በቀይ ቀለም «ኢንጂነር እንድሪስ ኤሌክትሮኒክስ» ብሎ አጻፈ፤ ሰዉ አነበበው፤ በቃ ኢንጂነር ሆነ። ከዚያ በፊት ሬዲዮ ይፈታ ነበር። ከዚያም በፊት ኩታበር ገበያ ላይ የባትሪ ድንጋይ ይሸጥ ነበር ይላሉ። የባትሪ ድንጋይ መሸጥ ነውር የለበትም፤ እኔን የሚያናድደኝ ከባትሪ ድንጋይ እስከ ኢንጂነር ባለው መንገድ ላይ አንዲት ነገር ሳይማር መድረሱ ነው።

ነጭ ጋዋን ይለብሳል። ቴሌቪዥን ሊጠግን ሳይሆን ሴት ሊያዋልድ የተጠራ ነው የሚመስለው። የደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል። ከሦስቱ የሚጽፈው አንዱ ብቻ ነው፤ የቱ እንደሆነ ራሱም ስለማያውቅ አንድ ነገር መጻፍ በፈለገ ቁጥር ሦስቱንም መዳፉ ላይ እየፈተገ ይሞክራቸዋል። ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ መዳፉ በቀለም ተለቅልቆ ነው።

ቴሌቪዥን ሲመጣለት በመጀመሪያ ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል። ከዚያ ጆሮውን ያስጠጋል። ምን እንደሚሰማ እኔ እንጃ፤ መብራት ላይ ያልተሰካ ዕቃ ነው። ቀጥሎ ወደ ኮርኒሱ ቀና ብሎ ዓይኑን ይጨፍንና ደንበኛውን፣ «መብራት ሲሄድ ነቅለውታል?» ብሎ ይጠይቃል። ነቅያለሁ ካለው፣ «ለምን ነቀሉት! አፕዴት እያደረገ ነበር እኮ!» ይላል። አልነቀልኩም ካለው ደግሞ፣ «ለምን አልነቀሉትም! ሲመለስ መትቶታል እኮ!» ይላል። ደሴ ውስጥ መብራት ሄዶበት የማያውቅ ሰው ስለሌለ፣ ጥፋተኛ ሳይባል ከዚያ ሱቅ የወጣ ደንበኛ የለም። ሰዎቹ ደግሞ ያመሰግኑታል። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ፤ ወቅሷቸው ያመሰግኑታል።

ፍርዱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሶፍትዌሩ ነው። ድምፅ ጠፋ? ሶፍትዌሩ ነው። ገመዱን አይጥ በላው? ሶፍትዌሩ ነው። ልጅ በኳስ መትቶ ስክሪኑን የሰነጠቀው ቴሌቪዥን መጥቶለት፣ ጣቱን በስንጥቁ ላይ እያስኬደ «እ... ይሄ የሶፍትዌር ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔ ከመምጣቴ በፊት ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ፋብሪካው ሰው ሲቀንስ ተቀነስኩና የኤሌክትሮኒክስ ዲፕሎማዬን ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ። እሱ ሲቀጥረኝ ዲፕሎማውን አገላብጦ አየውና «ማኅተሙ ያምራል» አለ። ከዚያ በኋላ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «አንቺ ዲፕሎማ፣ ካቻቪት አቀብዪኝ።» «ዲፕሎማ፣ ሻይ ደረሰ?» ሥራውን በሙሉ የምሠራው እኔ ነኝ። ፓወሩን የምፈታው፣ የተቃጠለውን የምቀይረው፣ የምበይደው እኔ ነኝ። እሱ ከፊት ሆኖ ይቀበላል፣ ይፈርዳል፣ ተሠርቶ ሲያልቅ ደግሞ ያስረክባል።

ከሁሉ በላይ የሚኮራው አዲስ ቴሌቪዥን በመግጠሙ ነበር። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሰው ስማርት ቴሌቪዥን ገዝቶ እሱን ሳይጠራ አይሰቅልም። ሰቅሎ ሲያበቃ ሪሞቱን ይዞ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ይቆያል፤ ከዚያ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ሐበሻ አደረግኩላችሁ! አሁን አገሩን ያውቃል» ይላል። ሰዎቹ ደስ ይላቸዋል። እኔ የሱቅ ሰው ስለነበርኩ ለገጠማ አልከተለውም፤ ሐበሻ ማድረግ ማለት የአማርኛ ጣቢያዎችን ወደ ላይ ማምጣት ይመስለኝ ነበር። ሐበሻ ያላደረገው አንድ ቴሌቪዥን ቢኖር የራሱ ቤት ያለው ነው። ሚስቱ ከድጃ እንዲነካው አትፈቅድለትም፤ ባሏን ታውቃለቻ።

አንድ ቀን አንድ አስተማሪ ቴሌቪዥኑን አመጣ። ሱቁ ሙሉ ነበር። ኢንጂነር ጆሮውን አስጠግቶ ሲያበቃ «ሶፍትዌሩ ነው፤ ከባድ ነው» አለ። ክዳኑን ከፍቼው ስለነበር ካፓሲተር የምትባለው የፓወሩ ትንሽ ዕቃ ማበጧን አይቻለሁ። ሳላስበው «ካፓሲተር ነው፣ አሁኑኑ ይቀየራል» አልኩ። ዞሮ አየኝ። ከዚያ ወደ ደንበኞቹ ዞረና፣ «ዲፕሎማ ናት፤ አትፍረዱባት። ቴሌቪዥን ሳታይ ነው ስለ ቴሌቪዥን የተማረችው» አለ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው ሳይቀር ሳቀ። በማግስቱ ካፓሲተሩን ራሴ ቀይሬ ቴሌቪዥኑ ሲበራ፣ ለአስተማሪው «ሶፍትዌሩን ሌሊቱን ስታገለው አደርኩ» ብሎ አስረከበው።

ያን ቀን ለራሴ ማልኩ። ይሄ ሰው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ባየው እንኳ አፌን አልከፍትም አልኩ። ይዋረድ፤ እኔን ባዋረደበት ሰው ፊት እሱም ይዋረድ። ንቄው ነበር፤ ንቀቴ ደግሞ ተገቢ ነበር፤ ዛሬም ተገቢ ነው እላለሁ። ያደረግኩበት ነገር ግን ተገቢ አልነበረም።

ሸህ ሙሄ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ አጠገብ የሚኖሩ አዛውንት ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን በግ ነግደው፣ ሐጅ ሊሄዱ ተመዝግበው፣ ተራቸው ሲደርስ በግራ ጎናቸው ሽባ ሆኑ። ሐኪሙ መንገዱን አይችሉትም አለ። ልጃቸው ዘሐራ ያን ትልቅ ቴሌቪዥን የገዛችላቸው ለዚህ ብቻ ነው፦ መሄዱ ቢቀር እንኳ፣ በዐረፋ ቀን፣ በሐጁ ዋና ዕለት፣ ሰዉ ተራራው ላይ ፀሐይ እስክትገባ ቆሞ ዱዓ ሲያደርግ በቀጥታ ስርጭት እንዲያዩ። ስልክ ላይ እንዳያዩ ዓይናቸው ደክሟል። በዲሽ እንዳይሆን አጠገባቸው የተሠራው ፎቅ ሰማዩን ጋርዶታል። የቀረው ኢንተርኔት ነው። ቴሌቪዥኑን ሰቅሎ ሐበሻ ያደረገላቸው ደግሞ ኢንጂነር እንድሪስ ነው።

ዐረፋ አምስት ቀን ሲቀረው ዘሐራ ደወለች። የመካን ስርጭት የሚያሳየው አፕ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን አፕዴት አድርጉት ይላል፤ አፕዴት ሲባል ደግሞ ትንሽ ያስብና «መጫን አልተቻለም» ብሎ ይመለሳል። አሥር ጊዜ ሞክራለች። ኢንጂነር ያን ሰሞን ወገቡን ያመው ስለነበር፣ ቴሌቪዥኑን ከግድግዳ ማውረድ ካስፈለገ የምታግዘው ብሎ እኔን ይዞኝ ወረደ።

ሸህ ሙሄ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ነበር። ኢንጂነርን ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«መርሐባ እንድሪስ! አላህ ያክብርህ መጣህልኝ። ይሄ ዕቃ ዐረፋን ያሳየኛል ወይስ አያሳየኝም? እውነቱን ንገረኝ።»

«አብሽሩ ሸህ! ለዐረፋ ይደርሳል።»

«በለኝ እስቲ ወላሂ።»

«ወላሂ!»

ምን እንደሆነ እንኳ ሳያየው ማለ። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ሪሞቱን ይዞ ሴቲንግ ከፈተ። እኔ ከጀርባው ቆሜ ነበር። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰዓቱና ቀኑ ወጣ። ሰዓቱ ዘጠኝ ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር እውነትም ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ወሩ አሥረኛ ይላል፤ በእኛ ሰኔ አሥረኛ ወር ነው። ዓመቱ የእኛ ዓመት ነው። ሐበሻ ማድረግ ማለት ይሄ ነበር! ቴሌቪዥኑ ቀኑን በራሱ እንዳያስተካክል ዘግቶ፣ በእጁ የኢትዮጵያን ዘመን ሞልቶበታል። ፈረንጅ የሠራው ዕቃ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ተቀምጧል።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ፋብሪካ ሳለሁ የአንድ ማሽን ኮምፒውተር ቀኑ ተዛብቶ ሁለት ቀን አሰቃይቶናል። ቴሌቪዥን አፕዴቱን ከኢንተርኔት ከመቀበሉ በፊት የላኪውን ፈቃድ ያያል። ፈቃዱ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን አለው። ይሄ ቴሌቪዥን ደግሞ ዛሬ የዛሬ ስምንት ዓመት ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ፈቃዱ ገና ያልጀመረ ይመስለዋል፤ አልቀበልም ይላል። መድኃኒቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ቀኑን ለራሱ ለቴሌቪዥኑ መልሶ መልቀቅ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።

ኢንጂነር አፕዴቱን አንድ ጊዜ ሞከረ። እምቢ አለ። ሁለተኛም ሞከረ። ከዚያ አንገቱን አዞረና፣ በአራት ዓመት ውስጥ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ።

«ምን ይመስልሻል ዲፕሎማ?» አለኝ።

ሲቀልድ ይሁን ከልቡ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሸህ ሙሄ አዩኝ። ዘሐራም አየችኝ። የአስተማሪው ሳቅ ጆሮዬ ላይ ነበር።

«አንቱ ያውቃሉ ኢንጂነር» አልኩት።

ከኪሱ ቁልፍ ማንጠልጠያ አወጣ፤ ያለ ቁልፍ፣ የቴሌቪዥን ሶፍትዌር የተጫነባቸው ስምንት ዘጠኝ ፍላሾች የተንጠለጠሉበት። እያንዳንዱ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፎ የቴሌቪዥን ስም ጽፎበታል፤ ግማሹ ጽሑፍ ለቆ አይነበብም። አንዱን መረጠ። የዚያ ቴሌቪዥን እንዳልነበረ ከሩቅ ይታወቃል፤ የሞዴል ቁጥሩ አይገጥምም። «ይሄ ወንድሙ ነው፣ ይግባባሉ» ብሎ ሰካው። «ያረቢ መብራት አታጥፋ!» አለ። መብራቱ አልጠፋም። ስክሪኑ ላይ ነጭ መስመር ታየ፣ ሄደ፣ ሄደ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ስክሪኑ ጠቆረ። ከታች ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች፤ ከዚያ ሌላ ምንም የለም።

ሞቷል። እኔም አውቄዋለሁ። ቀኑን ማስተካከል እንኳ አሁን አይረዳውም፤ ቀን የሚጻፍበት ስክሪን የለምና።

«ተኝቷል። ሶፍትዌሩ ነው። ደሴ ወስጄ አነቃዋለሁ» አለ ኢንጂነር። ቴሌቪዥኑን አውርደን ስንወጣ ሸህ ሙሄ ባዶውን ግድግዳ አይተው፣ «ወላሂ ብለሃል እንድሪስ» አሉት። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

የሚቀጥሉትን ቀናት ሱቁ ውስጥ ሲለፋ አየሁት። ጋዋኑን አውልቆ፣ ቦርዱን አውጥቶ፣ ፍላሾቹን በሙሉ አንድ በአንድ ሞከረ። ቦርዱን በፀጉር ማድረቂያ አሞቀው። አዲስ አበባ ደውሎ ቦርድ አለ ወይ አለ፤ ከሳምንት በፊት አይደርስም አሉት። ደንበኛ ሲመጣ «ዛሬ አልችልም» እያለ ይመልሳል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ጥጌ ላይ ቁጭ ብዬ ሥራዬን እየሠራሁ፣ ዘሐራ መጥታ ሱቁ በር ላይ ስትጮህበት፣ ሰዉ ሲሰበሰብ፣ ያ ቀይ ጽሑፍ ሲወርድ ይታየኝ ነበር። ሸህ ሙሄን ሳስብ «ጎረቤት ሄደው ያያሉ» እላለሁ። ከአልጋ የማይወርዱ ሰው ጎረቤት እንዴት እንደሚሄዱ ራሴን አልጠየቅኩም።

የዐረፋ ዕለት ጠዋት ሱቁን አልከፈተም። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ልመለስ ስል፣ ቀትር ሊሆን ሲል፣ ከላይ ከመንገዱ ሲመጣ አየሁት። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ዕቃ ታቅፏል፤ ወገቡ ግማሽ ታጥፏል። ከጀርባው ሚስቱ ከድጃ ነጠላዋ እየተጎተተ «ጣለውና ታያለህ! ጣለውና!» እያለች ትከተለዋለች። የቤታቸው ቴሌቪዥን ነበር።

«ነይ ዲፕሎማ፣ በዚህ በኩል ያዢ» አለኝ።

«ወዴት ነው?»

«ወላሂ ብያለሁ እኮ።»

ሁለታችንም የዐረፋን ጾም ጾመናል። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠበቅን። ቴሌቪዥኑን ጉልበታችን ላይ አጋድመን የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስንጀምር፣ አንድ ከባድ መኪና መታጠፊያው ላይ ተሰብሮ መንገዱን ዘግቶታል። የዙህር ሰላት እዚያው አለፈን። የዐስር ሰላትም ደረሰ። እሱ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። እኔ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኜ እንኳ ስንቀው ነበር፤ የራስህን ጥፋት ነው የተሸከምከው እያልኩ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ቴሌቪዥኑ ባጃጅ ውስጥ አልገባ አለ። በእግራችን ተሸከምነው። መንገድ ላይ ለሚያግደን ሰው ሁሉ «ሶፍትዌር ነው የያዝነው፣ ዞር በሉ!» እያለ ይጮሃል። በሐፍረት መሬት ልገባ ነበር።

በሩን ዘሐራ ከፈተችልን። ዓይኗ አብጧል።

ሸህ ሙሄ ታጥበው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ወደ ባዶው ግድግዳ ነው። ግድግዳው ላይ የቡሎኑ አራት ቀዳዳዎች ብቻ አሉ። «ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ናቸው። አልጋ ላይ ሆኜ ዐረፋን አልቀበልም አሉ። እንድሪስ ወላሂ ብሏል፣ ይመጣል አሉኝ» አለች ዘሐራ። ከጠዋት ጀምሮ ያ ሰው የሚያየው እነዚያን ቀዳዳዎች ነው። ያን ያደረገው የኢንጂነር ፍላሽ ብቻ አልነበረም።

ቴሌቪዥኑን ወንበር ላይ አስደግፈን፣ ከዘሐራ ስልክ ኢንተርኔት አገናኘነው። ወዲያው ተከፈተ። ከድጃ ያላስነካችው ቴሌቪዥን አፕዴቱን በሥርዓት ሲያደርግ የኖረ ነው። ዐረፋ ወጣ፤ ነጭ ለብሶ የቆመ የሰው ብዛት። ፀሐይ ልትገባ አንድ ሰዓት ከምናምን ቀርቷታል።

«አላሁ አክበር» አሉ ሸህ ሙሄ፤ ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ግራው አልነሳ አለ። ጭናቸው ላይ እንደተጋደመ ቀረ። እያዩት አለቀሱ። ይሄኔ ኢንጂነር አጠገባቸው በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ የማይታዘዘውን እጃቸውን ከሥሩ በመዳፉ ደግፎ አነሳላቸው። ያ በእስክሪብቶ የተለቀለቀ መዳፍ። ወገቡን እያመመው፣ ፀሐይ እስክትገባ አልለቀቀውም።

መሃል ላይ ዘሐራ ስክሪኑን ስታስተካክል፣ «ይሄኛው ሐበሻ አልሆነም እንዴ ኢንጂነር? ቀኑ የፈረንጅ ነው። ያኛው የእኛን ነበር የሚያሳየው» አለችው።

ኢንጂነር ቀና ብሎ የስክሪኑን ጥግ አየ። ረጅም ጊዜ አየው። አላዋቂ ነበር እንጂ ደደብ አልነበረም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ሰኔን፣ ዓመቱን እየቆጠረ ነበር። ከዚያ የሽማግሌውን እጅ እንደያዘ አንገቱን አዙሮ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

መግሪብ ሲል በተምርና በውሃ አፈጠርን። እጁን ሊታጠብ ግቢ ሲወጣ ማሰሮውን ይዤ ውሃ አፈሰስኩለት።

«ቀኑ ነው አይደል?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

«ያን ዕለት አይተሽው ነበር? ስጠይቅሽ?»

መዋሸት እችል ነበር። «አይቼዋለሁ» አልኩት።

እስኪጮህብኝ ጠበቅኩ። ቢጮህብኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ የምመልሰው በደንብ የተዘጋጀ ነገር ነበረኝ፤ የአራት ዓመት ነገር። እሱ ግን እጁን በጋዋኑ ጠረገ።

«እኔ ሳላውቅ ነው ያጠፋሁት» አለና ወደ ቤት ገባ።

ከዚያ ወዲህ ያን ጉዳይ አንሥቶብኝ አያውቅም። ለዘሐራም አልነገራት፤ ለሸህ ሙሄም ጥፋቱ የራሱ ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። በማግስቱ ሱቅ ስገባ «ዲፕሎማ፣ ቀኑን እንዴት ነው የሚመልሱት?» ብሎ ጠየቀኝ። አሳየሁት። ሦስቱን እስክሪብቶ ሞክሮ መዳፉ ላይ ጻፈው። ያን ሰሞን ሐበሻ ያደረጋቸውን ቤቶች እያስታወሰ ሲዞር ከረመ፤ ሁሉን ግን አላስታወሳቸውም። የተቀየረ ሰው እንዳይመስላችሁ። በሳምንቱ ለአንዲት ሴትዮ ገመድ የተበጠሰበትን ቴሌቪዥን «ሶፍትዌሩ ነው» ሲላት ሰምቻለሁ። እንደ ድሮው አናደደኝ።

የቤቱ ቴሌቪዥን ሸህ ሙሄ ዘንድ ቀረ። ከድጃ ስትጠይቀው «ይዩበት» ይላት ነበር። ሸህ ሙሄ ቀጣዩ ዐረፋ ሳይደርስ ሞቱ። በዕድሜያቸው ያዩት የዐረፋ ቀን ያ አንዱ ነው፤ እሱም ግማሹ ባዶ ግድግዳ ነበር። የቀረውን ግማሽ ያመጣላቸው እኔ የምንቀው ሰው ነው። ይሄንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በዓመቱ ከእሱ ወጥቼ ሆጤ ሰፈር የራሴን ሱቅ ከፈትኩ፤ ሲሰናበተኝ «በርቺ ሀያት» አለኝ። ስሜን ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

መርዶውን የነገረኝ ደንበኛ ሪሞቱን ሠርቼ ስሰጠው፣ «አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ ቴሌቪዥኔ አፕዴት አልጭን ብሎኛል» አለኝ። ቤቱ ቅርብ ነበር፤ አብሬው ሄድኩ። ሴቲንጉን ስከፍት ጥጉ ላይ የእኛ ዓመት ተጽፏል። ሳይደርስበት ከቀሩት ቤቶች አንዱ ነበር። ቀኑን መለስኩት። አፕዴቱ ጀመረ፣ ሄደ፣ ሞላ።

«አጃኢብ! ምን ሆኖ ኖሯል?» አለ ሰውዬው። «የገጠመልኝ እንድሪስ ነው። እሱ ነው እንዴ ያበላሸው?»

ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

«ማንም አይደለም» አልኩት። «ሶፍትዌሩ ነው።»